የባሌት ውል አነባበብ፦ ከደሞዙ በፊት ሳምንቱን ቁጠሩ

የእህቴ ልጅ ያደገችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ባሌት ስትማር ኖራ ባለፈው ዓመት ከአንድ ካምፓኒ (የዳንስ ቡድን ማለት ነው) የቅጥር ደብዳቤ መጣላት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ "ባሌት ተቀጠረች" ስላት "ባለቤት" የተባለ መስሏት ደነገጠች። ነገሩ ከገባት በኋላ ግን የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት?"

ሳቅንባት። ማታ ላይ ደብዳቤውን ረጋ ብዬ ሳነበው ግን ከሁላችንም የተሻለ የጠየቀችው እሷ እንደነበረች ገባኝ። በሳምንት 700 ዶላር ይላል። በ52 አባዝቼ 36,400 ብዬ ነበር ቀን የደነስነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ "32 ሳምንት" የምትል ነገር አለች። 22,400። 14 ሺህ ዶላር በአንዲት መስመር ብን አለ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በትርፍ ሰዓቴ የሰው ታክስ የምሠራ አጎት ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ብዙ የባሌት ውል አንብቤያለሁ፣ ብዙ ዳንሰኛም አነጋግሬያለሁ። አሜሪካ ውስጥ ልጃችሁ ወይም ራሳችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሳችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱበት።

1. ወረቀቱ የሥራ ውል መሆኑን አረጋግጡ

በባሌት ዓለም ደረጃ አለ። ከታች ትሬኒ፣ ሠልጣኝ ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ካምፓኒ፣ አንዳንዶቹ ስቱዲዮ ካምፓኒ ይሉታል። ከዚያ አፕሬንቲስ፣ ጀማሪ ዳንሰኛ። ቀጥሎ ኮር ደ ባሌ (በቡድን የሚደንሱት)፣ ሶሎይስት (ለብቻ የሚደንሱት)፣ በመጨረሻ ፕሪንሲፓል (ዋናዎቹ)። መድረክ ላይ ልዩነቱ ላይታያችሁ ይችላል። ትሬኒዋም በነትክራከር፣ በየገናው በሚታየው ባሌት፣ የበረዶ ቅንጣት ሆና ከኮሩ ጋር ስትደንስ ታያላችሁ። ወረቀታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ትሬኒ ብዙ ቦታ ተማሪ ናት፤ እንዲያውም የምትከፍለው እሷ ናት። ሁለተኛ ካምፓኒ አንዱ ጋ ደሞዝ አለው፣ ሌላው ጋ የኪስ ገንዘብ ብቻ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ዓመቱ ሲያልቅ የሚላክላት የታክስ ወረቀት ደብሊው-2 ነው ወይስ 1099? ደብሊው-2 ከሆነ ተቀጣሪ ናት። 1099 ከሆነ በራሷ እንደምትሠራ ነጋዴ ተቆጥራለች ማለት ነው። የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ (የጡረታና የሕክምና መዋጮው) 15.3 በመቶ ሙሉ በሙሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አሠሪው አንኢምፕሎይመንትም (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለው መድን) ሆነ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ መድን አይገባላትም።

ኡበር የሚነዳ ሰው 1099ን ያውቀዋል። ግን የኡበር ሹፌር መቼ እንደሚወጣ ራሱ ይወስናል። ዳንሰኛዋ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ምን እንደምትለብስ፣ ክንዷን በምን ያህል እንደምታነሳ ሳይቀር ይነገራታል። ይህች ልጅ "ነጋዴ" ናት ማለት ይከብዳል። ጥርጣሬ ካላችሁ አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ኤስኤስ-8 የሚባል ቅጽ አለው፤ ሥራው የቅጥር ይሁን የግል እነሱ መርምረው ይወስናሉ። መልሱ ወራት ይፈጃል፣ ግን ነፃ ነው።

2. ሳምንቱን ቁጠሩ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

አብዛኞቹ የአሜሪካ ባሌት ካምፓኒዎች ዓመቱን ሙሉ አይከፍሉም። ውሉ የሚጻፈው ለአንድ ሲዝን፣ ለአንድ የትርኢት ዓመት፣ ነው፤ ሲዝኑ ውስጥም የሚከፈለው ሥራ ላለበት ሳምንት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ሌይኦፍ ይባላል። ማባረር አይደለም። "እስከዚህ ቀን ሥራ የለም፣ ከዚያ ተመለሱ" ነው። አንዱ ካምፓኒ 30 ሳምንት ይሰጣል፣ ሌላው ከ40 በላይ። በሳምንት 650 ለ42 ሳምንት 27,300 ነው፤ በሳምንት 800 ለ30 ሳምንት 24,000። ትልቁ ቁጥር ትንሹ ሆኖ አረፈው።

ወረቀቱን አንስታችሁ እነዚህን ፈልጉ።

"ቢያንስ 32" ነው የሚለው ወይስ "እስከ 32"? አንዷ ቃል ዋስትና ናት፤ ሌላዋ ተስፋ። "እስከ" ካለ ዋስትና ያለው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጻፍላችሁ።

ሳምንቶቹ ተከታታይ ናቸው ወይስ የተቆራረጡ? ከነትክራከር በኋላ ጥር ላይ ባዶ ሳምንታት ሊኖሩ ይችላሉ (ወራቱንና ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው)። የቤት ኪራይ ግን ጥርን አያውቅም።

የልምምድ ሳምንትና የትርኢት ሳምንት ክፍያቸው እኩል ነው? የትርፍ ሰዓት ከስንት ሰዓት በኋላ ይጀምራል? ለጉብኝት ትርኢት ሲወጡ የቀን አበልስ?

መልሶቹን ስታገኙ አንድ ወረቀት ላይ 52 ሳጥን ሥሩ። የሚከፈልበትን ሳምንት ቀለም ቀቡት። እኛ የሠራነው በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በልጆች ከለር ነበር። ነጭ ሆነው የቀሩትን ሳጥኖች ስታዩ ደሞዙ ማለት ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ከዚያ ጠቅላላውን በ52 አካፍሉ። በእኛ ስሌት 430 ዶላር ገደማ መጣ፣ ያውም ከታክስ በፊት። እውነተኛው የሳምንት ገቢ እሱ ነው። በሥራ ሳምንት 700 ስትቀበል ለነጩ ሳጥን የምታስቀምጠውን ከላዩ ላይ ቀንሳ ነው መኖር ያለባት።

በሌይኦፍ ሳምንታት ደብሊው-2 ያላት ዳንሰኛ አንኢምፕሎይመንት ልትጠይቅ ትችላለች። ለዳንሰኞች ይህ የታወቀ አካሄድ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የኛ ሰው "መንግሥት እጅ ማየት" እያለ ይሸሸዋል፤ አሠሪው የከፈለው መድን መሆኑን አስረዷቸው። የምትጠይቀው በሠራችበት ስቴት ነው፣ ወላጆቿ በሚኖሩበት አይደለም። ብዙ ስቴቶች እስከ 26 ሳምንት ይከፍላሉ፤ መጠኑ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ማመልከቻው ሌይኦፉ በጀመረበት ሳምንት ይግባ። ዘግይቶ የገባ ማመልከቻ ያለፈውን ሳምንት ላይከፍል ይችላል።

3. ዩኒየን አለ ወይ?

የባሌት ዳንሰኞች ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበራቸው፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አግማ ይባላል፤ በ1936 የተመሠረተ ነው። የኦፔራ ዘፋኞችንም ያቅፋል። ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት፣ አሜሪካን ባሌት ቲያትር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባሌት፣ ቦስተን ባሌት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ዋሽንግተን ባሌትም በአግማ ስር ናቸው።

ዩኒየን ባለበት ካምፓኒ በእጃችሁ ያለው ወረቀት አጭር ነው። ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። "ቀሪው በኅብረት ስምምነቱ መሠረት" ይላል። እንግዲያው ዋናው ውል ያ ወፍራሙ ነው። ጠይቃችሁ ሙሉውን አስልኩ። ደሞዝ በየደረጃው፣ የልምምድ ሰዓት፣ በትርኢት መካከል ያለው እረፍት፣ የመድረኩ ወለል ሁኔታ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ተደራድሮ የማያገኘውን ሌሎች ቀድመው ተደራድረውበታል።

ዋሽንግተን ባሌት ዩኒየን የገባው በ2005 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ውሉ ሳይቋጭ ቀረና የነትክራከር ትርኢቶች ተሰረዙ። ነትክራከር ለአሜሪካ ባሌት እንደ ገና በግ ነጋዴ ሰሞን ነው፤ የዓመቱ ገቢ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ያን ትርኢት እስከ ማጣት የደረሱት ተራ ነገር ይዘው አልነበረም፤ ጭቅጭቁ ውስጥ ጉዳትና የሥራ ጫና ነበሩበት። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዳንሰኞች አድማ ለመምታት ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ወዲያው የካቲት ላይ ስምምነት ተደረሰ።

ዩኒየን ከሌለስ? ያኔ አጭሩ ወረቀት ብቻውን ውሉ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር የለም ብላችሁ ያዙት። ግን አንድ መብት ሁሉም ጋ አለ። ከ1935 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ስለ ደሞዛቸው እርስ በርስ መነጋገር ይችላሉ። "ደሞዝሽን ለማንም እንዳትናገሪ" ቢሏት ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። የባለፈው ዓመት ኮር ውስጥ የነበረችን ልጅ አግኝታ "በእውነት ስንት ሳምንት ሠራሽ?" ብላ ትጠይቅ። የእህቴ ልጅ ይህን ጥያቄ በኢንስታግራም ልካ በአሥር ደቂቃ የተመለሰላት ከካምፓኒው ቢሮ በሁለት ሳምንት ከመጣው ይበልጥ ነበር።

4. የማሳወቂያውን ቀን ያዙ

እናቴ የጠየቀችው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚመለሰው። ቋሚ አይደለም። ብዙ ካምፓኒ ውስጥ ፕሪንሲፓሏም ሳትቀር በየዓመቱ ነው የምትፈርመው። የሚያድሰው ወይም የማያድሰው አርቲስቲክ ዳይሬክተሩ፣ የካምፓኒው የጥበብ ኃላፊ፣ ነው፤ የሚሰጠው ምክንያት "የጥበብ ውሳኔ" ይባላል። ይህን በክርክር ማሸነፍ ከባድ ነው። አዲስ ዳይሬክተር ሲመጣ ደግሞ የራሱን ሰው ይፈልጋል። እዚህ ሙያ ውስጥ ሰው ሥራ ስላበላሸ ብቻ አይደለም የሚሸኘው፤ ቁመቷ ከሌሎቹ ጋር ስላልሄደም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዋስትና ማለት የሚቀጥለውን ዕጣ ፈንታ በጊዜ ማወቅ ነው። ውሉ ውስጥ "ካምፓኒው እስከዚህ ቀን ድረስ ለቀጣዩ ሲዝን መፈለግ አለመፈለጉን በጽሑፍ ያሳውቃል" የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ቀኑን አክብቡት። ለምን? የባሌት ኦዲሽን፣ ዳንሰኛ የሚመረጥበት ፈተና፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። መልሱ ሚያዝያ ላይ ቢመጣ ሌላው በር ሁሉ ተዘግቷል። ቀኑ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ። ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ማሳወቂያውን ሳትጠብቅ ቪዲዮዋን አዘጋጅታ ሌላ ቦታም ትሞክር። ይህ ክህደት አይደለም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ካላደሱ የስንብት ክፍያ አለ? በአንዳንድ የዩኒየን ውሎች ለዓመታት ላገለገለች ዳንሰኛ አለ።

አውሮፓ ላሉ ዘመዶቻችን እዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር፣ አሠራሩ ስለሚለይ። ጀርመን ውስጥ በመንግሥት ቲያትሮች የዳንሰኛ ውል የአንድ ዓመት ነው፣ ግን ዝም ከተባለ በራሱ ይታደሳል። ቲያትሩ ማደስ ካልፈለገ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 31፣ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ከዚያ በፊትም ዳንሰኛዋን ጠርቶ ማነጋገር ግዴታው ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ላገለገለች ቀኑ ወደ ጁላይ 31 ይቀድማል። ከ15 ዓመት በኋላ ማሰናበት በጣም ይከብዳቸዋል። ታዲያ ብልጥ ቲያትር ሁሉ ዳንሰኛውን የሚሸኘው 14ኛው ዓመት ላይ ነው፤ እዚያ ያላችሁ ይህን ዓመት በዓይነ ቁራኛ ጠብቁ።

ፓሪስ ኦፔራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዳንሰኞቹ በ42 ዓመታቸው በጡረታ ይወጣሉ፤ የጡረታው ሥርዓት ሥሩ ሉዊ 14ኛ ዘመን፣ 1698 ድረስ ይሄዳል። መንግሥት ይህን ሊያነሳ ሲል በ2019 የገና ዋዜማ፣ በዚያ ብርድ፣ ዳንሰኞቹ ኦፔራው ደረጃ ላይ ወጥተው ስዋን ሌክ የተባለውን ዝነኛ ባሌት ደነሱ። እናቴ የምትፈልገው ቅጥር ይኼ ነበር። ግን መግቢያው እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው።

5. ጉዳት ሲደርስ

ዳንሰኛ ይጎዳል። ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ የአጥንት መሰንጠቅ። "ቢጎዳስ" ብላችሁ ሳይሆን "ሲጎዳ" ብላችሁ ውሉን አንብቡት።

ተቀጣሪ ከሆነች በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የስቴቱ የሠራተኛ ካሳ መድን ሕክምናውንና፣ ከሥራ ከቀረች፣ የደሞዟን ከፊል ይከፍላል። ብዙ ስቴቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፣ ጣሪያ አለው። ትሬኒ ከሆነችና ተማሪ ከተባለች ግን ይህ ላይኖራት ይችላል። በጽሑፍ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ዝምታ ነው። ልጆቹ ሚናቸውን እንዳያጡ ህመማቸውን ይደብቃሉ። እኛም በበኩላችን "ቻል አድርጊው" እያልን አሳድገናቸዋል። ሦስት ሳምንት ተደብቆ የቆየ ጉዳት ሥራ ላይ መድረሱን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በዚያው ቀን፣ በኢሜይል፣ በሁለት መስመር፦ ቀኑ፣ ልምምዱ፣ የተጎዳው ቦታ። ይበቃል።

የጤና መድን ሌላ ነው። ካምፓኒው የሚሰጥ ከሆነ በሌይኦፍ ሳምንታትም ይቀጥላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይሰጥ ከሆነ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጅ መድን መቆየት ይችላሉ። ጥንቃቄ፦ የእናንተ መድን በአካባቢያችሁ ሐኪሞች ብቻ የሚሠራ ከሆነና ልጅቷ ሌላ ስቴት ከሄደች፣ ከድንገተኛ ሕክምና ውጪ አይሸፍንላት ይሆናል።

6. ትንንሽ የሚመስሉት

ፖይንት ጫማ። በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ማለቴ ነው። ጥንዱ 100 ዶላር አካባቢ ነው፤ በሥራ የበዛበት ሳምንት አንዱ ጥንድ አንድ ትርኢት ሳይጨርስ ሊሞት ይችላል። ዋና ካምፓኒዎች ለዳንሰኞቻቸው ያቀርባሉ። ለአፕሬንቲስና ለሁለተኛ ካምፓኒስ? በወር ስንት ጥንድ? ከራሷ ኪስ ከሆነ ደሞዙን እንደገና አስሉት። ከታክስ እናስቀንሰዋለን እንዳትሉኝ፤ ተቀጣሪዎች የሥራ ወጪያቸውን በፌዴራል ታክስ መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። ለመድረክ ባለሙያዎች አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ግን የዓመት ገቢው ከ16,000 ዶላር ካለፈ አትሠራም።

ሌላ ቦታ መደነስ። ብዙ ዳንሰኞች ታኅሣሥ ላይ የትንሽ ከተማ ትምህርት ቤቶች ነትክራከር ላይ እንግዳ ሆነው ጥሩ ያገኛሉ። ውሉ ያለ ፈቃድ ይከለክላል ወይ? በሌይኦፍ ጊዜስ?

"ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል" የሚለው አንቀጽ። በ2020 መጋቢት ቲያትሮች ሲዘጉ ሁሉም ወደዚህች አንቀጽ ሮጠ። ትርኢት ቢሰረዝ ክፍያው ወዲያው ይቆማል ወይስ የተወሰነ ሳምንት ይቀጥላል? አንዴ አንብቧት።

7. የካምፓኒውን ኪስ ፈትሹ

ይኼን የሚያደርግ ሰው አላየሁም፤ ቀላል ነው ግን። የአሜሪካ ባሌት ካምፓኒዎች ከሞላ ጎደል ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። በየዓመቱ ፎርም 990 ለአይአርኤስ ያስገባሉ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጋችሁ በነፃ ታነቡታላችሁ። የሦስት ዓመት አውርዱ። ገቢው ከወጪው ያንሳል? ያውም በተከታታይ? እዳው እያበጠ ነው? የኃላፊዎቹ ደሞዝም እዚያው አለ፤ እሱን ለማየት ብቻ እንኳ የምታነቡት ከሆነ አልፈርድባችሁም።

ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። አርተር ሚቸል በ1969 ከካረል ሹክ ጋር ያቋቋመው ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለም፣ ለጥቁር ባሌት ዳንሰኞች በር የከፈተው ያ ስመ ጥር ቤት፣ በእዳ ምክንያት በ2004 ካምፓኒውን አቆመ። ዳግም መድረክ ላይ የተመለሰው በ2012 ነው። ስምንት ዓመት ለዳንሰኛ የሙያዋ ግማሽ ነው።

8. ጠይቁ፣ በጽሑፍ

የመጀመሪያ ዓመት ደሞዝ ላይ ብዙ መወዛወዝ የለም። ዩኒየን ካለ ዝቅተኛው ተቆርጧል። ሊለወጡ የሚችሉት ዙሪያው ያሉት ናቸው፦ የጫማ ብዛት፣ ለመዛወሪያ ትንሽ ገንዘብ፣ በሌይኦፍ ሌላ ቦታ የመሥራት ፈቃድ፣ የማሳወቂያው ቀን። በአንድ ኢሜይል፣ በምስጋና ጀምራችሁ፣ አራት አጭር ጥያቄ ላኩ። የምትጽፈው ልጅቷ ትሁን፤ አጎት አይጻፍላት። እኔ ልጽፍ ስል "ጋሼ፣ ተወው፣ እኔ እጽፈዋለሁ" ብላ ላፕቶፑን ከእጄ ወሰደችው፤ ልክ ነበረች።

በስልክ የተሰጠ መልስ ካለ በዚያው ቀን "በተነጋገርነው መሠረት" ብላ መልሳ ትጻፍላቸው።

ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ለሌላት አንድ ነገር ይጨመር። በኦ-1 ወይም በፒ-1 የሥራ ቪዛ የመጣች ዳንሰኛ ሥራዋና መኖሪያዋ የተሳሰሩ ናቸው። ካምፓኒው ከጊዜው በፊት ካሰናበታት ወደ አገሯ የመመለሻ ትራንስፖርቷን የመቻል ግዴታ አለበት። በኦ-1 ላይ ላለች ሌላ አሠሪ ለመፈለግ እስከ 60 ቀን ሊሰጣት ይችላል። ለማንኛውም ይህን ክፍል የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያንብበው።

9. ከመድረክ በኋላ ያለውን ከአሁኑ ጀምሩ

ብዙዎች በሠላሳዎቹ ውስጥ ያቆማሉ። ለዚህ የተዘጋጁ ቦታዎች አሉ። ኒው ዮርክ ላይ በ1985 የተጀመረው የዳንሰኞች የሙያ ሽግግር ፕሮግራም አሁን የመድረክ ባለሙያዎችን በሚረዳው በኢንተርቴይንመንት ኮሚዩኒቲ ፈንድ ስር ነው፤ የሙያ ምክር ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ያለው ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ደግሞ ሊፕ የሚባል፣ ዳንሰኞች እየሠሩ ዲግሪ የሚይዙበት ፕሮግራም አለው። ነጮቹ ሳጥኖች ለዚህም ይሆናሉ፤ አንድ ኮርስ ለአንድ ሌይኦፍ።

የኛዋ ፈረመች። የማሳወቂያው ቀን ወደ የካቲት 15 ተስተካከለላት፣ ጫማውም ተጨመረ፣ ሳምንቱ ግን 32 ላይ እንደቆመ ነው። 52ቱ ሳጥን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። እናቴ በየእሁዱ ስትደውል አሁንም ትጠይቃለች፣ "ቋሚ ሆነች?" የእህቴ ልጅም ማቀዝቀዣውን እያየች ትመልስላታለች፦ "እስከ ሚያዝያ 20 ቋሚ ነኝ፣ እማማ።"